ከቃሉ ገጠር እስከ ደሴ ፍርድ ቤት፦ የአንዲት ስደት ተመላሽ እርግዝና የጉዳይ ጥናት

ባለጉዳይዋ 22 ዓመቷ ነው። የቃሉ ወረዳ ገጠር ልጅ ናት። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ፣ በአፋር በረሃ አድርጋ፣ በጅቡቲና በየመን በኩል ጅዳ ገባች፤ እዚያም ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በቤት ሠራተኝነት ኖረች። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) አልነበራትም። ተይዛ ከተመላሾች ጋር አዲስ አበባ ስትደርስ የ11 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበረች። አባትየው እዚያው ጅዳ ሹፌር የነበረ ሐበሻ ነው። ኒካሕ እናስራለን ብሏት ነበር፤ ማርገዟን ስትነግረው ስልኩን ዘጋ፣ ከዚያ ወዲህም አልተገኘም። ስም፣ ቀበሌና ማንነትን የሚጠቁሙ ዝርዝሮች እዚህ ተትተዋል ወይም ተቀይረዋል።

አገሯ ስትገባ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ኮምቦልቻ ከአንዲት የስደት ጓደኛዋ ዘንድ ሁለት ሳምንት ያህል ተደብቃ ከረመችና ደሴ ወዳለችው አክስቷ መጣች። አክስቲቱ ባሏ የሞተባት፣ ዳቦ ጋግራ የምታድር ሴት ናት። የልጅቷን ልብስ ልታጥብ ቦርሳውን ስታራግፍ ያለ ሐኪም ማዘዣ የተገዛ የማስወረጃ ክኒን አገኘች። አልጮኸችም። «አብሽሪ። ነገ ጧት የማውቃት ልጅ አለች፣ እሷን እናነጋግራለን። እስከዚያ ይሄን አትንኪው» ብላ ክኒኑን ወሰደችው። «የማውቃት ልጅ» ያለቻት የማህበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ናት፤ ጉዳዩ የተያዘው በእሷ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ባለሙያዋ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ስለ ፅንሱ ምንም አላነሳችም። የቀደሙት ጥያቄዎች ሦስት ነበሩ። ከክኒኑ የወሰድሽው አለ? ደም፣ ትኩሳት ወይም የሆድ ቁርጠት አለሽ? ይህ የሚቀድመው የጀመረች ሴት ካለች ቦታዋ ጤና ተቋም እንጂ የምክር ወንበር ስላልሆነ ነው። ልጅቷ አልወሰደችም። ሁለተኛው፣ ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ? የሚል በቀጥታ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባባትም፤ ያለባትን ግን ያስተነፍሳታል። «ባሕሩ ላይ ሳለን በሰመጥኩ ብዬ ነበር» አለች፤ አሁን ግን ዕቅድም መንገድም አልነበራትም። ሦስተኛው አክስቲቱ ወደ ጓዳ ገብታ የተጠየቀ ነው፦ ይሄ እርግዝና ሳትፈልጊ የሆነ ነው? ከዓረብ አገር የሚመለሱ ሴቶች መደፈራቸውን በመጀመሪያ ቀን የሚናገሩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ስለዚህ ጥያቄው በሌላ ቀን ተደገመ። ሁለቱንም ጊዜ አይደለም አለች።

ከዚህ በኋላ ሕጉ እንዳለ ተነገራት። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ማስወረድን በመርህ ደረጃ ይከለክላል፤ አንቀጽ 551 ግን የማይቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፦ እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከዘመድ ጋር በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ወይም የልጁ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው፣ እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን። መደፈር ሲሆን የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል አንቀጽ 552። ድህነት ብቻውን ቅጣት ማቅለያ እንጂ ፈቃድ አይደለም። ለፅንስ ሕይወት የሚቆሙ አንዳንድ መካሪዎች ይህን ሁሉ ከሴቲቱ ይደብቃሉ። መደበቁ ያዋጣቸዋል ብለን አናምንም። በማግስቱ ከሌላ ሰው ትሰማዋለች፤ ያን ጊዜ እነሱ የነገሯት እውነት ሁሉ አብሮ ይወድቃል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ሕግ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2 የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ፣ በሕይወት ተወልዶ መኖር የሚችል እስከሆነ ድረስ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል። ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት ከኖረ መኖር እንደሚችል ይወሰዳል። አባቱ የሞተበት ፅንስ የሚወርሰው በዚህ አንቀጽ ነው። ፅንሱ ከእናቱ ሌላ የሆነ፣ የራሱ ዘር ያለው የሰው ልጅ ነው ማለት ከውጭ የመጣ ወሬ ሳይሆን በገዛ የሕግ መጽሐፋችን በር የተከፈተለት ሐሳብ ነው።

ልጅቷ ከጓደኞቿ «እስከ 120 ቀን ነፍስ የለውም፣ ኃጢአት የለበትም» የሚል ሰምታ ነበር። አክስቲቱ አንድ ሸህ ጠየቁላት። ሩሕ (ነፍስ) በ120 ቀን ይነፋል የሚለው ሐዲስ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ላይ ሊቃውንቱ አንድ ቃል የላቸውም። በወሎ ብዙ ተከታይ ያለው የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና የሕግ አስተሳሰብ ዘርፍ) ሊቅ ኢማም አል-ገዛሊ ግን ፅንሱን ማጥፋት ከመጀመሪያው አንስቶ በደል ነው፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር ደግሞ በደሉ ይከብዳል ብለዋል። ሸሁ ይህን ከነገሯት በኋላ አልፎከሩባትም። «አላህ ከሚቆጣው ይልቅ የሚምረው ይበልጣል፤ ያለፈውን በተውበት፣ የሚመጣውን በሶብር» ነው ያሏት።

በሦስተኛው ቀን አልትራሳውንድ ታየች፦ 13 ሳምንት ከ2 ቀን፣ ከራስ እስከ መቀመጫ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ልብ በደቂቃ 152። ከመታየቷ በፊት ባለሙያዋ «ማየት ትፈልጊያለሽ? አልፈልግም ካልሽ ስክሪኑ ይዞራል» ብላ ጠይቃታለች። አልፈልግም አለች፤ ስክሪኑም ዞረ። ሊያበቃ ሲል ድምፁን ብቻ ልስማ አለች። ማሳየትን እንደ ወጥመድ የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። የተገደደች ሴት ግን ለዚያ ቀን ብትለሰልስ በሳምንቱ ክኒኑን ብቻዋን ሆና ልትወስድ ትችላለች።

አራት ፍርሃቶች

ክኒኑን የገዛሽው ከምን ፈርተሽ ነው ተብላ ስትጠየቅ አራት ነገር ቆጠረች። አባቷ። ዕዳው። የሰው አፍ። «ልጁን ባየሁት ቁጥር ሰውየው ትዝ ቢለኝስ»። ፅንሱን ጠልታው እንዳልሆነ እዚህ ላይ ልብ ይሏል። ከአራቱ ፍርሃቶች አንዱ እንኳ በስብከት አይፈታም። ለዚህ ነው የዚህ ጉዳይ ሥራ ከምክር ይልቅ በመኝታ፣ በቀጠሮና በሽምግልና የተሞላው።

መኝታው ቀላል ነበር፤ አክስቲቱ ጋ ትቆያለች። ልጅቷ ሊጥ በማቡካት ታግዛለች፣ ባለሙያዋ በወር አንድ ኩንታል ዱቄት የሚሸፍን ድጋፍ ከአካባቢው ደጋግ ሰዎች አሰባሰበች። «እኛ አለንልሽ» የሚል መካሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ያህል የሚለው በወረቀት ካልተጻፈ እርግዝናው ሰባተኛ ወር ሲገባ ደጋፊው ስልክ አያነሳም።

የልጅቷ አባት ጋ የተደረሰው በአባጋር፣ በወሎ ባህላዊ ሽምግልና፣ ነው። በ20ኛው ሳምንት እናቷ ከአክስቲቱ አፍ ሰማች፤ በ26ኛው ሳምንት፣ በረመዷን ማታ ከኢፍጣር በኋላ፣ ሦስት ሽማግሌዎች አባትየው ደጅ ሄዱ። ቡናው በረካ ላይ እስኪደርስ ስለ እርግዝና አላወሩም። ያነሱት በዚያው መንገድ ወጥተው ባሕር የበላቸውን የአካባቢውን ልጆች ነው። «የአንተ በሕይወት ተመልሳለች» ካሉ በኋላ ነው ቀሪው የተነገረው። አባትየው መልሱ አጭር ነበር፦ «ቤቴ አትምጣ። ግን አትሙትብኝ።» ሽማግሌዎቹ ይህን እንደ ድል ቆጠሩት፤ ልክ ነበሩ።

ዕዳው ለደላላ ተብሎ የተበደሩት 85,000 ብር ነው፤ ከዚያ ላይ አባትየው ሁለት በሬ ሸጠው 40,000ውን ከፍለዋል። ቀሪውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመኸርና በበልግ እንዲከፍሉ አበዳሪውን ያስማሙት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው።

ሆድ ሲገፋ

የእርግዝና ክትትሉ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ሄሞግሎቢኗ 10.2 ስለነበር፣ 11 ሊሞላ ስለሚገባ፣ የብረት ክኒን ከፎሊክ አሲድ ጋር በየቀኑ እንድትወስድ ተደረገ። ከሻይና ከቡና ጋር እንዳትወስደው ተነገራት፤ ወሎ ላይ ይህን ማስከበር ከክኒኑ ከራሱ ይከብዳል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሁለት ጊዜ በአራት ሳምንት ልዩነት ወሰደች። ምርመራዋ ከኤችአይቪ፣ ከቂጥኝና ከሄፓታይተስ ቢ ነፃ መሆኗን አሳየ።

ረመዷን የገባው በ24ኛው ሳምንት ነው። ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለፅንሱ ከሰጋች ማፍጠር እንደተፈቀደላት ልጅቷ ታውቃለች። ግን ባትፆም ጎረቤት «ምን ሆና ነው?» ይላል። ፆመች፤ በአምስተኛው ቀን ምድጃ ሥር ወደቀች። አክስቲቱ ሰፈሩን «ጨጓራዋ ነው፣ ሐኪም ከልክሏታል» ብላ ዘጋችው። ድብቅ እርግዝናን የሚከታተል ሰው የፆምና የበዓል ቀኖችን ቀድሞ በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ሊያደርግ ይገባል። ገበናው የሚወጣው በእነሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ስሕተት የተሠራው ግን በመጀመሪያው የክትትል ቀን ነው። ልጅቷ ካርድ ስታወጣ የጓደኛዋን ስም ሰጠች። ማንም ልብ አላለውም። የወለደችው በዚያው ካርድ ነው፤ ጤና ጣቢያው የሰጠው የልደት ማሳወቂያም በዚያው ስም ወጣ። በወረቀት ላይ ሕፃኗ የሌላ ሴት ልጅ ሆነች ማለት ነው። ማሳወቂያው ካልታረመ ወሳኝ ኩነት ልደቱን አይመዘግብም፤ ልደቱ ካልተመዘገበ ፍርድ ቤት የጉዲፈቻ ማመልከቻ አይመለከትም። ለማረም የቀበሌ መታወቂያዋ፣ ካርዱን የከፈተችው እሷ ራሷ ለመሆኗ የሁለት ሰው ምስክርነት፣ ያዋለደቻት አዋላጅ ቃልና የጤና ጣቢያው የጽሑፍ ማረጋገጫ አስፈለገ። ማስተካከያው ያለቀው ልጅቷ በወለደች በ61ኛው ቀን ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት የቀረው አንድ ወር ብቻ ነበር። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን መታወቂያና ካርድ ጎን ለጎን ይታዩ። ሚስጥር የሚጠበቀው በካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ዝምታ እንጂ በውሸት ስም አይደለም።

ሕፃኗ በ39ኛው ሳምንት 3.1 ኪሎ ሆና ተወለደች። ቫይታሚን ኬ፣ የዓይን ቅባት፣ ቢሲጂና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ በጊዜው ተሰጣት።

ገንዘብ የቀረበበት ቀን

ልጅቷ ለማሳደግ አቅሙም ልቡም እንደሌላት የተናገረችው በ30ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ባለሙያዋ ሦስት መንገድ አስቀመጠችላት፦ ራሷ ከአክስቷ ጋር፣ በእናቷ ቤተሰብ ዘንድ፣ በጉዲፈቻ። ከዘመድ መጀመር የአገሪቱ የሕፃናት አማራጭ ክብካቤ አሠራርም የሚያዘው ነው፤ የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም የሁሉም መጨረሻ ነው። እናቷ ፈለጉ፣ አባቷ እምቢ አሉ። ጉዲፈቻ ቀረ።

አክስቲቱ ቅን ሆነው በቡና ላይ ወሬውን ጣል አደረጉ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ባልና ሚስት መጡ፤ ሕፃኑን ከሆስፒታል በቀጥታ ይወስዳሉ፣ ለልጅቷ ዕዳ 60,000 ብር ይሰጣሉ። አክስቲቱ የአላህ መልስ መስሏቸው ነበር። ባለሙያዋ እዚያው ላይ አስቆመችው። ለልጅ የሚከፈል ገንዘብ፣ ስሙ ስጦታም ይሁን ማቋቋሚያ፣ ነገሩን ወደ ሽያጭ ያዞረዋል፤ በ2012 ዓ.ም በወጣው የሰው መነገድ ወንጀል አዋጅ ቁጥር 1178 ሊያስጠይቅ ይችላል። ከሕጉ በላይ ደግሞ ገንዘቡ የእናትን ፈቃድ ያበላሻል፤ ወልዳ ሐሳቧን ብትቀይር ዕዳዋ እጇን ይይዛታል። የውጭ ዜጎች ጉዲፈቻ በጥር 2010 ዓ.ም በምክር ቤት ውሳኔ ከተዘጋበት ምክንያት አንዱም ሰነድና ገንዘብ የተቀላቀለበት አሠራር ነበር። አሁን በአገር ውስጥ ያንኑ መንገድ መልሶ መክፈት የለብንም።

ሁለተኛዎቹን ጥንዶች ያቀረበው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። ደሴ ነዋሪ፣ ባል 38፣ ሚስት 33፣ ተጋብተው 11 ዓመት፣ ልጅ የላቸውም። የጋብቻ ማስረጃ፣ የገቢ ማረጋገጫ፣ የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ አቀረቡ፤ ቤታቸው ሦስት ጊዜ፣ አንዱን ጊዜ ሳይነገራቸው ታየ። ባለሙያዋ ለየብቻ ከጠየቀቻቸው ጥያቄ አንዱ «ነገ የራሳችሁ ብትወልዱ ይቺ ልጅ ምን ትሆናለች?» የሚል ነበር። ባልየው ቶሎ መለሰ፤ ሚስቲቱ ብዙ ቆየች። ባለሙያዋ የቆየችውን ይበልጥ አመነች።

ከፍርድ ቤት ውሳኔ በፊት ሕፃኗ ለጥንዶቹ አልተሰጠችም። ከእናቷ ጋር አክስቲቱ ቤት ቆየች፣ ጡትም ጠባች። «ካጠባቻት ትወዳታለች፣ ከወደደቻት አትሰጥም» ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ክርክሩ እናትን ከልጇ በማራቅ ፈቃድ ማግኘት ይሻላል እንደማለት ነው። ፈቃዷ በ10ኛው ቀንና በስድስተኛው ሳምንት በድጋሚ ተጠየቀ፤ ሁለተኛውን ጊዜ አንድ ሳምንት ላስብበት ብላ ጊዜ ጠይቃለች። ጊዜው ተሰጣት።

ስም፣ ጡት፣ ሕግ

ጥንዶቹ ሙስሊም ናቸው፤ ልጅቷም። እስልምና የሌላን ልጅ ማሳደግን ያበረታታል፣ ዘሩን ለውጦ በአሳዳጊ ስም መጥራትን ግን ይከለክላል። ሕፃኗ በማን ስም ትጠራ? አባቷ አይታወቅም። ልማዱ በእናት አባት ስም መጥራት ነው፤ ያ ደግሞ «ቤቴ አትምጣ» ያሉት ሰውዬ ስም ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ጊዜ ሄዱ። እዚህ ላይ ነገሩን ያቀለለው አቂቃ፣ ለተወለደ ሕፃን የሚታረደው በግ፣ ነው። ሕፃኗ በተወለደች በሰባተኛው ቀን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አያትየው አንድ በግ በልጅቷ እናት በኩል ልከው ነበር፤ ለሴት አንድ ነው። በግ የላከ ሰው ስም አይከለክልም ብለው ሽማግሌዎቹ ያዙት። ልደቷ በእሳቸው ስም ተመዘገበ፣ በጉዲፈቻ ስምምነቱም ላይ ስሟ እንደማይቀየር ተጻፈ።

ሁለተኛው ጥያቄ መህረም (ጋብቻ የማይፈቀድበት የቅርብ ዝምድና) ነው። ሕፃኗ ስታድግ ለአሳዳጊ አባቷ ባዕድ እንዳትሆን የጡት ዝምድና ያስፈልጋል። ሴት ልጅ ስትሆን የምታጠባት ከባልየው ወገን መሆን አለባት። የባልየው እህት የስምንት ወር ልጅ እያጠባች ነበር፤ በሻፊዒ መዝሀብ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ አምስት ጊዜ ጠግቦ ከጠባ ዝምድናው ይጸናል። እህትየው የጡት እናት፣ ባልየው የጡት አጎት ይሆናሉ። ሕፃኑ ወንድ ቢሆን ኖሮ የምታጠባው የሚስቲቱ እህት ትሆን ነበር። ከማጥባቷ በፊት የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ምርመራ እንድታደርግ ባለሙያዋ ጠየቀች፤ ሸሁም ደገፉ። የጡት ልጅና የጡት አባት ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር ስላልሆነ የምርመራው ጥያቄ ብቻ ነው ትንሽ ያነጋገረው።

ውርስም ተነሥቷል። በቤተሰብ ሕጉ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አብራክ ልጅ ይቆጠራል፣ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስርም አይቋረጥም። በሸሪዓ ግን የተወሰነ የውርስ ድርሻ የለውም፤ በኑዛዜ እስከ ሲሶ ድረስ፣ ወይም በሕይወት እያሉ በስጦታ ሊሰጠው ይችላል። ጥንዶቹ በኋላ ወንድምና እህቶቻቸው እንዳይከራከሩ ለሕፃኗ ኑዛዜ አስጽፈዋል።

የፍርድ ቤቱ ሂደት ሌሎች እንደሚፈሩት ረጅም አልነበረም። ጉዲፈቻ አድራጊ ቢያንስ 25 ዓመት ሊሞላው፣ ባለትዳሮች ከሆኑ ሁለቱም ሊስማሙ ይገባል፤ ከወላጆች አንዱ የማይታወቅ ወይም የጠፋ ከሆነ የሌላው ፈቃድ ይበቃል። የፌዴራሉ አዋጅ 213/1992 ይህን ይላል፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 79/1995ም በዚሁ መንገድ የተቀረጸ ነው። ዳኛዋ እናትየውን ከሁሉም ሰው ለይተው ጠየቋት፦ ያስገደደሽ አለ? ገንዘብ ተቀብለሻል? ይህ ከጸና በኋላ እንደማይፈርስ ታውቂያለሽ? ጉዲፈቻ የሚፈርሰው አሳዳጊው ሕፃኑን እንደ ባሪያ ከያዘው፣ ለጥቅም ሲል ከሥነ ምግባር ውጭ ለሆነ ሥራ ካሰማራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ከያዘው ብቻ ነው። ውሳኔው ሕፃኗ በተወለደች በ112ኛው ቀን ተሰጠ፤ ጉዲፈቻውም በወሳኝ ኩነት ተመዘገበ።

ከጡት ወደ ጡጦ የተደረገው ሽግግር የተጀመረው የጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት ቀርቦ ለውሳኔ ከተቀጠረ በኋላ ነው። በየሦስት ቀኑ አንድ ጥባት ተቀነሰ፣ የሌሊቱ መጨረሻ ቀረ፤ ጡጦውን የምትሰጣት አሳዳጊ እናቷ ነበረች፣ እዚያው አክስቲቱ ቤት። በድንገት ማቋረጥ ጡትን አሳብጦ ያቆጣል፤ ጡት ቀልቶ ጠንክሮ ትኩሳት ከመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ሕፃኗ 5.8 ኪሎ ስለነበረች በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ተባዝቶ በቀን 870፣ በስድስት ጊዜ 145 ገደማ ሆነላት። ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ባልወረደ ውሃ ይበጠበጣል፤ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ያም ይበቃል። የተበጠበጠ ወተት ሁለት ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ሚስቲቱ ዋጋውን እያሰበች የተረፈውን ለማስቀመጥ ስትሞክር ሁለት ጊዜ ተከልክላለች።

ከርክክቡ በኋላ

ጉዲፈቻን ሕመም የሌለበት መፍትሔ አድርገው የሚያቀርቡት ሰዎች ይህን ክፍል አይጽፉትም። ልጅቷ ከርክክቡ በኋላ ለሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣች፣ ማጥባት ብታቆምም ሕፃን ሲያለቅስ ስትሰማ ደረቷ ይረጥብ ነበር። ባለሙያዋ በመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት ቀን አየቻት፤ የምግብ ፍላጎት፣ እንቅልፍና ራስን የማጥፋት ሐሳብ በየጊዜው ተጠየቀ። ሐዘን እንጂ የድባቴ ሕመም አልነበረም፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ከአልጋ መነሣት ቢያቅታት ወደ አእምሮ ሕክምና ትላክ ነበር። የረዳት ስምምነቱ ውስጥ የተጻፈው ጥየቃ ነው፦ በዒድ አል-ፊጥርና በመውሊድ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ።

ሌላ ቁስል የፈነዳው በአቂቃው ዕለት ነው። ኮምቦልቻ ያለችው የልጅቷ የ27 ዓመት እህት ሕፃኗን ከታቀፈች በኋላ ወጥታ ሄደች፣ ስልኳንም ዘጋች። ከአራት ዓመት በፊት የያኔው እጮኛዋ አስጨንቋት አስወርዳ ነበር። አሁን አግብታ አንድ ልጅ አላት። በየዓመቱ ሊወለድ በነበረበት ወር ራስ ምታት ይይዛታል፣ አራስ መጠየቅ አትችልም፣ «ይሄኔ ይሄን ያህል ይሆን ነበር» ብላ ትቆጥራለች።

በዚህ ላይ ቀጥተኛ መሆን ይገባል። በአሜሪካ ሴቶችን ለአምስት ዓመት የተከታተለ ጥናት አብዛኞቹ ውሳኔያቸው ትክክል ነበር እንዳሉ አግኝቷል። ስለዚህ «ካስወረድሽ ታብጃለሽ» ማለት ሐሰት ነው፣ የፅንስን ሕይወት በሐሰት መከላከል ደግሞ አያዋጣም። ያስወረደች ሁሉ አትፀፀትም፤ የሚፀፀቱት ግን አሉ፣ በተለይ ሳይፈልጉ በሌላ ሰው ግፊት ያደረጉት። ፅንሱ ሰው ነው የምንለው እናቱ ስለምትፀፀት አይደለም፤ ባትፀፀትም ሰው ነው።

የልጅቷ እህት ከባለሙያዋ ጋር ስድስት ጊዜ ተነጋገረች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስለ እጮኛው ቁጣ ብቻ ነበሩ። ባለሙያዋ «ልጅሽ» ወይም «ፅንሱ» አላለችም፤ ሴቲቱ ራሷ የምትጠራበትን ቃል ጠበቀች፣ በሦስተኛው ቀን «ልጄ» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ተውበት ከዚያው ሸህ ጋር ተነጋገረች፣ በስሙ ሰደቃ አወጣች። ለክርስቲያን ቢሆን የንስሐ አባት መንገዱን ያውቁታል። የአካባቢው ቀናኢ ሰዎች ለወጣት ሴቶች ታሪኳን እንድትናገር ጠይቀዋት ነበር፤ ባለሙያዋ ቢያንስ አንድ ዓመት እንድታዘገየው መከረቻት። ገና ያልጠገገ ቁስል በመድረክ ላይ ሲከፈት ለሰሚው ትምህርት ይሆናል፣ ለባለቤቱ ግን ከመጀመሪያው የሚብስ ይሆናል። እሷም ዝም ብላለች፤ ይህን ከመጻፋችን በፊት ግን በታሪኩ ውስጥ እንድትካተት ፈቅዳለች።

አሁን ባለበት ሁኔታ ልጅቷ ደሴ አንድ የልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራለች፣ ከደመወዟ እያጠራቀመች ከአበዳሪው ጋር የተቀጠረውን የመኸር ክፍያ ለአባቷ ልካለች። አባትየው ብሩን ተቀብለዋል፤ ቤት ግን ገና አልገባችም። ጽሕፈት ቤቱ የጥንዶቹን ቤት በየስድስት ወሩ ያያል፤ በሚቀጥለው ጉብኝት የሚነሳው ዋና ነጥብ ሕፃኗ አፍ ከመፍታቷ በፊት ሁለት እናት እንዳላት እንዴት እንደሚነገራት ነው። ሚስቲቱ ትምህርት ቤት እስክትገባ ይቆይ ትላለች፣ ባለሙያዋ ከአሁኑ ይጀመር ትላለች፤ እስካሁን አልተስማሙም።